ስኳሯ 318 አለ፤ እጇን ስትታጠብ 146። መድኃኒት የምትሰጡ ሁሉ ግቡ

ማሂ_ጉለሌ፣ እሑድ ጠዋት 3:20
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ድንጋጤው እስካሁን አለቀቀኝም።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት 11 ዓመት አለፈ። ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ ትወስዳለች። የምወጋት እኔ ነኝ፤ ዓይኗ ስለደከመ ሲሪንጁ ላይ ያለው መስመር አይታያትም። ትናንት ማታ ሽሮ በግማሽ እንጀራ በልታ በደህና ተኛች። ጠዋት በባዶ ሆዷ ጣቷን በአልኮል ጠረግኩ፣ ወጋሁ፣ ለካሁ። 318።

እንዲህ ብሎ አያውቅም። ልቤ ዝቅ አለ። ኢንሱሊኑን ከፍሪጅ አወጣሁና ሐኪሟ ካዘዘላት ላይ 6 ዩኒት ልጨምር ወሰንኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። ሲሪንጁን ሞልቼ ዞር ስል አልጋዋ አጠገብ ሳህን ላይ የብርቱካን ልጣጭ አየሁ።

«እማዬ፣ ብርቱካን በላሽ እንዴ?»

«ኧረ እኔ አልበላሁም! ለልጁ ላጥኩለት እንጂ።»

ልጁ የወንድሜ ልጅ ነው፤ እሷ አልጋ ላይ ነው የሚያድረው። እጇን ያዝ ሳደርገው ያጣብቃል። ውሃና ሳሙና አመጣሁ፣ አስታጠብኳት፣ በደንብ አደረቅኩላትና ሌላ ጣት ወጋሁ። 146።

ያንን 6 ዩኒት ጨምሬ ብሰጣትስ? ከዚያ በኋላ እኔ ለቅሶ ልደርስ ልወጣ ነበር። ቤት የሚቀሩት እሷና የ4 ዓመት ልጅ ናቸው።

ጥያቄዬ ይኸው። አልኮል ጠርጌ ነበር እኮ፤ ለምን አልሠራም? ደግሞስ መድኃኒት ስንሰጥ ሳናውቅ የምንሳሳተው ሌላ ምን አለ? 11 ዓመት ሙሉ እጇን አስታጥቢ ያለኝ ሰው የለም። ወይ ተብዬ አልሰማሁም።

ቢኒ_4ኪሎ፣ እሑድ ጠዋት 3:41
እግዜር ነው ያተረፋችሁ። እኔ ግን ማሽኑን ነው የምጠረጥረው። አልኮል ከተጠረገ አለቀ፤ ሆስፒታልም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ደሙ የሚነካው ስትሪፕ ጊዜው አልፎበት ይሆናል፣ እዪው።

መድኃኒት_ቀማሚ፣ እሑድ ጠዋት 4:05
ፋርማሲስት ነኝ። ማሂ፣ ዛሬ ጥሩ ዓይን ነበረሽ።

ቢኒ፣ ስትሪፑን ማየት ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ቆርቆሮው ክፍት ካደረም ይበላሻል። እዚህ ላይ ግን ጥፋተኛው ብርቱካኑ ነው። ማሽኑ የሚለካው የደም ጠብታ ከአንድ ማይክሮ ሊትር አይበልጥም፤ የመርፌ ጫፍ ያህል ነገር ነው። በብርቱካን ጭማቂ ውስጥ ያለው ግሉኮስ ደግሞ ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ካለው ከ10 እጥፍ በላይ ይሆናል። ጣት ላይ የቀረች በዓይን የማትታይ ርጥበት ከደሙ ጋር ስትቀላቀል ማሽኑ እሷንም ቆጥሮ ይነግርሻል። ማሽኑ አልዋሸም፤ ያገኘውን ነው ያነበበው።

አልኮል ጀርም ይገድላል እንጂ ስኳር በደንብ አያነሳም። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ብርቱካን፣ ወይንና ኪዊ እንዲልጡ አድርገው ሳይታጠቡ ለኳቸው። ቁጥሩ በጣም ዘለለ። ጣታቸውን አምስት ጊዜ በአልኮል ጠርገው እንኳ ከትክክለኛው በላይ ነበር። በቧንቧ ውሃ ሲታጠቡ ግን ተስተካከለ። ማንጎ፣ ማር፣ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ስኳር፣ በረመዳን ተምር፤ ሁሉም ያው ነው።

ውሃ ከሌለ አንድ መላ አለ። የመጀመሪያውን የደም ጠብታ በንጹሕ ጥጥ ጥረጊና በሁለተኛው ለኪ። መታጠብን አይተካም፤ ከምንም ግን ይሻላል።

አሁን የምቆጣሽ ነገር አለ። በአንድ ልኬት ብቻ የኢንሱሊን መጠን አይጨመርም። ቁጥሩ ከሰውየው ሁኔታ ጋር አልገጥም ካለ ታጥባችሁ ድገሙ። ከፍ እንዳለ ከቀጠለ ለሐኪሟ ደውይ። ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ይመጣል፤ ብቻውን ለሚውል አዛውንት ከ318 ይልቅ እሱ ነው ቶሎ የሚጥለው።

ቢኒ_4ኪሎ፣ እሑድ ጠዋት 4:12
እሺ ተሸነፍኩ። አባቴ ግን ሁሌ ሻዩን እየጠጣ ነው የሚለካው 😅 ለካ ቁጥሩ ከፍ የሚለው ለዚህ ሊሆን ይችላል እኮ!

ማሂ_ጉለሌ፣ እሑድ ጠዋት 4:20
ቁጣውን ተቀብያለሁ። ሁለተኛ በራሴ አልጨምርም።

ጋሽ_አራዳ፣ እሑድ ጠዋት 4:48
ልጆች፣ ነገር አታብዙ። አያቴ ኮሶ እየጠጣ 90 ዓመት አለፈው። በየትኛው ሳሙና? ዛሬ ክኒን ለመዋጥ የቀዶ ጥገና ዝግጅት ሆነ።

ራሔል_ካዛንቺስ፣ እሑድ ጠዋት 5:02
ጋሼ፣ አያትዎን ነፍስ ይማር። ግን ልጠይቅዎት፤ ቤትዎ እንግዳ ሲመጣ ለእጅ ውሃ አይቀርብም? ይቀርባል። ማስታጠቢያው ሳይዞር ማንም እንጀራ አይቆርስም። እንግዲህ ለጥብስ የሚታጠብ እጅ ለዓይን ጠብታ የማይታጠብበት ምክንያቱ ምንድን ነው? እኛ መታጠብ አልቸገረንም። መድኃኒትን ከምግብ እኩል አልቆጠርነውም እንጂ።

እውነት ለመናገር ግን ማስታጠቢያችንም ሳሙና ይጎድለዋል። ጣት ረጠብ ረጠብ ይደረግና «በቃኝ» ነው።

ጋሽ_አራዳ፣ እሑድ ጠዋት 5:10
ይህቺ ልጅ ጠበቃ ናት? አሸንፈሻል። ለመሆኑ ምን ያህል ጊዜ ነው የሚፈተገው?

መድኃኒት_ቀማሚ፣ እሑድ ጠዋት 5:15
ቢያንስ 20 ሰከንድ ጋሼ። የጣት መሃል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር ሥር። ሰዓት ማየት አያስፈልግዎትም፤ አቡነ ዘበሰማያት አንዴ ረጋ ብለው ቢደግሙ ይደርሳል።

ሙና_መርካቶ፣ እሑድ ጠዋት 5:17
ፋቲሓም ይደርሳል 😊

አበባ_ሲልቨርስፕሪንግ፣ እሑድ ጠዋት 5:40
ሰላም ከሜሪላንድ። እዚህ ገና አልነጋም፤ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነኝ። አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነው የምንከባከበው። አበሻ የሞላበት ሥራ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ስለ ጓንት ልበል። ጓንት ያጠለቀ ሰው ንጹሕ የሆነ ይመስለዋል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በአንድ ጓንት የሰውየውን ዳይፐር ቀየረች፣ ስልኳ ጠራ አነሳችው፣ የበሩን እጀታ ያዘች፣ ከዚያ የክኒኑን ሣጥን ከፍታ የጠዋቱን መድኃኒት መዳፏ ላይ አፈሰሰች። ጓንቱን አላወለቀችም። እሷ ራሷን ጠብቃለች፤ ክኒኑን የሚውጠው ሰውዬ ግን ምን ዋጠ? እኛ የተማርነው እንዲህ ነው፤ ከጓንት በፊት ትታጠቢያለሽ፣ ካወለቅሽ በኋላም ትታጠቢያለሽ፣ በየሥራው ትቀይሪያለሽ። ክኒኑ ደግሞ መዳፍ ላይ አይወጣም። ወደ ክዳኑ ወይ ወደ ትንሿ ኩባያ ይፈስሳል፣ ከዚያ ወደ አፍ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ መድኃኒቱም ሰጪውን ይጎዳል። አንድ ደንበኛዬ ለመገጣጠሚያ ሕመም ሜቶትሬክሴት ይወስዳሉ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው፤ ሣጥኑ ላይ በትልቁ «ረቡዕ» ተብሎ ተጽፏል፣ በየቀኑ ከተወሰደ ይገድላልና። ይህን መድኃኒት አንዲት የሦስት ወር ነፍሰ ጡር በባዶ እጇ ለሁለት ስትከፍለው ነርሷ ደረሰችባት። እንዴት እንደጮኸች! የተሰበረ ሜቶትሬክሴት ለፅንስ አደገኛ ነው። ለፕሮስቴት የሚሰጠው ፊናስተራይድም ያው ነው፤ ሽፋኑ የተሰበረውን እርጉዝ ሴት መንካት የለባትም። የካንሰር ክኒን እቤት የሚወስድ ዘመድ ያላችሁ፣ ከመንካታችሁ በፊት ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

ማርታ_ሳሪስ፣ እሑድ ቀን 7:30
እኔም ኑዛዜ አለኝ። አክስቴ ግላኮማ አለባት፤ ማታ ማታ ጠብታ የማደርግላት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ሚጥሚጣ ስንነፋ ዋልን። ታጠብኩ። በሳሙና ነው የታጠብኩት፣ ይመዝገብልኝ። ማታ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በጣቴ ሳብ አድርጌ ጠብ ሳደርግላት ያሰማችው ጩኸት ጎረቤት ጠራ። «አሳወርሽኝ!» እያለች ቤቱን ዞረችው። ጠብታው ተበላሽቷል ብዬ ጣልኩት፤ ውድ ነበር። በኋላ የራሴን ዓይን ሳሽ ነው የገባኝ።

ከዚያ ወዲህ እኔ በርበሬ ከነካሁ እህቴ ናት የምታደርግላት።

መድኃኒት_ቀማሚ፣ እሑድ ቀን 8:10
ማርታ፣ የቃሪያና የሚጥሚጣ ማቃጠያ ዘይት ውስጥ የሚሟሟ ነገር ነው፤ ለውሃ እምቢ ይላል። መጀመሪያ እጅን በምግብ ዘይት አሽተሽ፣ ከዚያ በሳሙና ሁለቴ። ጥፍር ሥር የገባው ግን ያድራል። እህትሽ ትቀጥል።

ስለ ዓይን ጠብታ ካነሳሽ አይቀር፣ እኔ መድኃኒት ቤት የሚመጡት ደንበኞች ትልቁ ስሕተት እጅ ብቻ አይደለም፤ ጫፉን ሽፋሽፍት ማስነካት ነው። የዓይን ፈሳሽ የነካው ጫፍ ጀርሙን ይዞ ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኗ ላይ የምታንጠባጥቢው መድኃኒትና ጀርም ነው። ጭንቅላት ወደ ኋላ፣ የታችኛው ቆብ ሳብ፣ ጠርሙሱ ሳይነካ ከላይ አንድ ጠብታ። አንድ ትበቃለች፤ ዓይን ሁለት አይዝም፣ ሁለተኛዋ ጉንጭ ላይ ነው የምትወርደው። ከዚያ ዓይን ይጨፈንና በአፍንጫ በኩል ያለው የዓይን ጥግ በንጹሕ ጣት አንድ ሁለት ደቂቃ ይጫናል። ለምን? ጠብታው በዚያች ቀዳዳ ወደ አፍንጫ፣ ከዚያም ወደ ደም ይሄዳል። ቲሞሎል የሚባለው የግላኮማ ጠብታ በዚህ መንገድ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥረው፣ የልብ ምትንም ሊያዘገይ ይችላል። ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለ በመሃል 5 ደቂቃ። ጠርሙሱ የተከፈተበትን ቀን ጻፉበት፤ አብዛኛው ከተከፈተ 4 ሳምንት በኋላ ይጣላል፣ ግማሽ ቢቀርም።

ኤክስቴንሽኗ_ደቡብ_ጎንደር፣ እሑድ ማታ 1:05
እኛ ጋ ጠርሙስ ሳይሆን ቱቦ ነው ጣጣው። የቴትራሳይክሊን ዓይን ቅባት። ለዓይን ማዝ በቀን ሁለቴ፣ ለ6 ሳምንት የሚቀባ ነው። አንድ ቤት ገባሁ፤ አንድ ቱቦ፣ አምስት ልጅ። እናትየዋ የቱቦውን ጫፍ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው እያስነካች በተርታ ትቀባቸዋለች። ጎበዝ እናት ናት፤ አንድም ቀን አላቋረጠችም። በሽታውን ግን ከቅባቱ ጋር እያከፋፈለች ነበር። ቁጭ ብለን አሳየኋት። እጅ ይታጠባል፣ የልጁም ፊት ይታጠባል፣ ቅባቱ ቆቡ ውስጥ ጫፉ ሳይነካ ይደረጋል፣ ለሚቀጥለው ልጅ እንደገና እጅ ይታጠባል። «ውሃውን ማን ይቀዳልኛል?» አለችኝ። ምንጩ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ልክ ናት። ክዳኗ የተበሳች ሁለት ሊትር የውሃ ላስቲክ አንጠልጥለን ቀጭን ውሃ እንድታወርድ አደረግን፤ ለአምስቱም በቃች።

አንድ የተገላቢጦሽ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። የእከክ ቅባት የተቀባ ሰው እጁን ሲታጠብ መድኃኒቱንም አብሮ ያጥበዋል። እከክ ደግሞ ጣት መሃል ነው የሚወደው። ፐርሜትሪን ተቀብታ የምታድር እናት ሊጥ ካቦካች ወይ ልጅ ካጣጠበች እጇን ደግማ መቀባት አለባት። ይህን ሳንነግራቸው ቀርተን ስንቱን «መድኃኒቱ አልሠራም» አሰኘነው።

ፂም_በሂደት_ላይ፣ እሑድ ማታ 2:22
ሳቅ አይፈቀድም። ሚኖክሲዲል ለፂም እየተቀባሁ ነው፣ አራተኛ ወር ላይ ነኝ። የእህቴን ሕፃን ሁሌ አቅፌ እስመዋለሁ። ችግር አለው?

መድኃኒት_ቀማሚ፣ እሑድ ማታ 2:40
አለው። በአባታቸው ቆዳ ላይ የተቀባ ሚኖክሲዲል የነካቸው ሕፃናት ያለ ቦታው ፀጉር እንዳበቀሉ ተመዝግቧል። ቅባቱ ሲቆም ፀጉሩ ይጠፋል፤ ግን ለምን? ተቀብተህ ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ ሳይደርቅ ሕፃን አትቀፍ፣ ትራስህንም አታጋራ። ድመት ካላችሁ የበለጠ ተጠንቀቅ፤ ለድመት መርዝ ነው፣ ትንሹም ይገድላታል። ለወንዶች የሚታዘዘው የቴስቶስትሮን ጄልም እንዲሁ ሕፃን መንካት የለበትም።

ታዛቢው፣ ሰኞ ጠዋት 3:00
ሁላችንም ራሳችንን ወቀስን። መድኃኒት ቤቶቹስ? ባለፈው ሳምንት ፊት ለፊቴ ሰውየው ከእኔ በፊት ካለው ደንበኛ ብር ተቀበለ፣ አውራ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ቆጠረ፣ ከዚያ በዚያው እጅ የእኔን ክኒን ከትልቁ ቆርቆሮ እያነሳ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ላስቲክ ውስጥ ከተተልኝ። ስም አልጠራም። ግን የአንድ ቤት ብቻ ጉዳይ አይመስለኝም።

መድኃኒት_ቀማሚ፣ ሰኞ ጠዋት 3:35
ሙያዬ ነውና አፈርኩ። ክኒን በእጅ አይቆጠርም። መቁጠሪያ ሳህንና ማንኪያ መሳይ ዝርግ መቁጠሪያ አለው፤ ሳህኑም በየመሃሉ መጠረግ አለበት። ይህ ለንጽሕና ብቻ አይደለም። የፔኒሲሊን ወገን የሆነው አሞክሳሲሊን የተቆጠረበት ሳህን ላይ ዱቄት ይቀራል። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ለፔኒሲሊን አለርጂ ካለበት ያቺ ዱቄት ትበቃዋለች። «እባክህ በሳህኑ ቁጠርልኝ» ማለት መብትህ ነው። ሲቻል ደግሞ በፋብሪካው ማሸጊያ የታሸገውን ጠይቅ።

የቤቢ_እናት፣ ሰኞ ጠዋት 4:10
አሞክሳሲሊን ካላችሁ… ለልጄ የተሰጠኝን ዱቄት ሽሮፕ ከሮቶው በቀዳሁት ውሃ ነው የበጠበጥኩት። አበላሸሁት?

መድኃኒት_ቀማሚ፣ ሰኞ ጠዋት 4:18
ጣይውና ሌላ ውሰጂ። የፈላና በደንብ የቀዘቀዘ ውሃ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ዱቄቱን አራግፊው፣ ግማሹን ውሃ ጨምረሽ ነቅንቂ፣ ከዚያ እስከ መስመሩ ሙዪ። የቤት ማንኪያ ሳይሆን አብሮ የመጣውን መለኪያ ተጠቀሚ፤ ማንኪያ ሁሉ 5 ሚሊ ሊትር አይደለም። መለኪያውንም እጠቢው፤ ሽሮፕ ለዝንብም ለጉንዳንም ይጥማል። ብዙ ቀን አይቆይም፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ተከተይ።

ሂሩት_ሻርጃ፣ ሰኞ ማታ 3:50
እኔ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የቤቱን አሮጊት የምጠብቀው እኔ ነኝ። መዋጥ ስለማይችሉ ሰባቱን ክኒን አንድ ላይ በትንሿ ሙቀጫ ወቅጬ በእርጎ እሰጣቸዋለሁ። እመቤቲቱ ናት እንዲህ አድርጊ ያለችኝ። ሰሞኑን ግን ከሰጠኋቸው ግማሽ ሰዓት በኋላ ይዞራቸዋል። እናንተ የምትሉትን ሳነብ ፈራሁ። ቢወድቁ በእኔ ነው የሚመጣው።

መድኃኒት_ቀማሚ፣ ሰኞ ማታ 4:05
ሂሩት እህቴ፣ ጥሩ አደረግሽ የጠየቅሽው። ሁሉም ክኒን አይወቀጥም። ስሙ መጨረሻ ላይ ኤክስአር፣ ኤስአር፣ ኤምአር፣ ኤልኤ ወይ ሬታርድ የሚል ካለ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲወጣ የተሠራ ነው። ስትወቅጪው የ24 ሰዓቱ በአንዴ ይገባል። የደም ግፊት ክኒን ከሆነ መዞሩ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ኢሲ የሚል ደግሞ ጨጓራን እንዲያልፍ የተሸፈነ ነው።

ነገ የሰባቱንም ማሸጊያ ፎቶ አንሺና እመቤቲቱ ለፋርማሲያቸው እንዲያሳዩ ንገሪያቸው። «እኔ አልሰጥም» አትበይ፤ «ለማማ እየዞራቸው ስለሆነ ይጠየቅልኝ» በያቸው። አብዛኛው በፈሳሽ ወይ በሌላ ዓይነት ይቀየራል። እንዲወቀጥ የተፈቀደውም ለየብቻው ይወቀጥ፣ ሙቀጫውም በየመሃሉ ይታጠብ። ስትወቅጪ አፍሽን ሸፍኚ፤ አቧራውን አንቺ ነሽ የምትስቢው።

አበባ_ሲልቨርስፕሪንግ፣ ሰኞ ማታ 4:30
ሂሩትዬ፣ የሆነውን ቀንና ሰዓት ጻፊ። ስንት ሰዓት ሰጠሽ፣ ስንት ሰዓት ዞራቸው። በአማርኛም ቢሆን። ነገ «ሠራተኛዋ ናት» ሲባል ደብተርሽ ይናገርልሻል።

ቆሻሻ_ጫኝ_የነበርኩ፣ ማክሰኞ ጠዋት 1:45
ማሂ፣ አንድ ጥያቄ ለአንቺ። የምትወጊበትን መርፌ የት ነው የምትጥይው?

ማሂ_ጉለሌ፣ ማክሰኞ ጠዋት 2:10
ክዳኑን መልሼ… ከቤት ቆሻሻ ጋር 😔

ቆሻሻ_ጫኝ_የነበርኩ፣ ማክሰኞ ጠዋት 2:25
እንዳልቆጣሽ፤ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ሦስት ዓመት ከቤት ቤት እየዞርኩ ቆሻሻ ሰብስቤያለሁ። ማዳበሪያውን ትከሻ ላይ ስናደርገው ጀርባችን ላይ ነው የሚያርፈው። አንድ ቀን የሆነ ነገር ወገቤን ወጋኝ። አውጥቼ ሳየው የስኳር መርፌ፣ ያቺ ብርቱካናማ ክዳን ያላት። የማን እንደሆነ አላውቅም፣ ምን እንዳለበት አላውቅም። አለቃችን «በአረቄ ጥረገው» አለኝ። ደግነቱ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ዘመድ ነበረችኝ፤ እየጎተተች ወሰደችኝ። ለ28 ቀን የኤችአይቪ መከላከያ ክኒን ዋጥኩ። እሱን 28 ቀን ለጠላቴ አልመኝም። ማቅለሽለሹ አንድ ነገር ነው፤ ሌሊቱ ነው የከፋው።

ወፍራም የበረኪና ወይ የፈሳሽ ሳሙና ላስቲክ ውስጥ ክተቺው። ክዳኑን አትመልሺ፤ ስትመልሺ ነው የምትወጊው። ሦስት አራተኛ ሲሞላ ክዳኑን አጥብቀሽ በፕላስተር እሰሪና ለጤና ጣቢያ ስጪ። እነሱ ቢጫው ሣጥን አላቸው።

ኤክስቴንሽኗ_ደቡብ_ጎንደር፣ ማክሰኞ ቀን 6:15
ወንድሜ እግዚአብሔር ይመስገን። መርፌ የወጋው ሰው ካለ ይህን ይያዝ፤ ቦታውን አትጭመቁት፣ በሚፈስ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የኤችአይቪ መከላከያው ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም፤ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚሻለው። ስለ ሄፓታይተስ ቢም ጠይቁ፤ በመርፌ ከኤችአይቪ ይልቅ እሱ ነው በቀላሉ የሚተላለፈው፣ ክትባትም አለው።

ቢኒ_4ኪሎ፣ ማክሰኞ ማታ 2:00
እዚህ ክር ውስጥ ለቀልድ ነበር የገባሁት። ዛሬ የአባቴን መርፌዎች ከመሳቢያ፣ ከመስኮት ላይ፣ አንዱን ደግሞ ከሶፋው ሥር ሰበሰብኩ። 23። በነገራችን ላይ ሻዩን ሳይነካ ታጥቦ ሲለካ 131። ሲጠጣ የሚለካው 200 ቤት ነበር። ከሐኪሙ ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ሁለቱንም ቁጥር ይዤ ነው የምሄደው።

ደሞ የእኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ሳኒታይዘር አይሆንም?

መድኃኒት_ቀማሚ፣ ማክሰኞ ማታ 2:20
ክኒን ወይ ጠብታ ከመስጠትህ በፊት፣ እጅህ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለ፣ አልኮሉ 60 ከመቶና በላይ የሆነ ሳኒታይዘር ይሆናል፤ እስኪደርቅ አሸው። ለስኳር መለኪያ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱን አይተናል። ተቅማጥ ያለበትን ሰው ካገዝክ በኋላም ሳሙናና ውሃ ነው፤ አልኮል የማይገድላቸው አሉ። በ2012፣ በኮሮና ጊዜ፣ በየሱቁ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመላቸው ባልዲዎች ትዝ ይሉሃል? እኛ ቤት አንዱ አለ፣ እናቴ አበባ ተክላበታለች። አንድ ሊትር ውሃ ለብዙ እጅ ይበቃል፤ ቀጭን ከወረደ።

ሂሩት_ሻርጃ፣ ረቡዕ ማታ 4:10
ፋርማሲው ሁለቱን ቀየረው፤ አንዱ ጭራሽ መወቀጥ የሌለበት ነበር። እመቤቲቱ ተቆጥታ ነበር፣ በኋላ ግን ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ማማ ዛሬ አልዞራቸውም። ደብተሩንም ጀምሬያለሁ አበቢዬ።

ማሂ_ጉለሌ፣ ረቡዕ ማታ 4:45
እፎይ ሂሩት! 

የእኔም ቤት ዜና። አልጋዋ አጠገብ ጆግ፣ ሳፋና ሳሙና አስቀመጥኩ፤ ፎጣዋንም ለየሁላት። የመጀመሪያ ቀን «አሁን እኔ ሕፃን ነኝ?» ብላ አኮረፈች። ትናንት ግን ጎረቤታችን እትዬ ሊጠይቋት መጥተው ቁጭ እንዳሉ ልጁ ማንጎ ይዞ ገባና ጭኗ ላይ ወጣ። እኔ ማሽኑን ሳወጣ እጇን ዘርግታ «ቆይ፣ መጀመሪያ አስታጥቢኝ» አለች። እትዬ ለምን እንደሆነ ጠየቁ።

«ማሽኑ ፍራፍሬ ይወዳል» አለቻቸው። «እጄ ላይ ካገኘ የእኔን ትቶ የእሱን ነው የሚቆጥረው።»

ለካሁ። 139። ልጁም ይለካልኝ ብሎ አልቅሶ ጣቱን በሳሙና ታጥቦ ተሰልፏል።